547 መቀመጫዎችና የሬይን ታገፔራ ስሌት

ስለ ምርጫ ሥርዓታችን በሚደረጉ ውይይቶች አንድ ክርክር ደጋግሞ ይነሳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎች ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ብቻ ያሸንፋል፤ ለቀሩት ዕጩዎች የተሰጠው ድምፅ ምንም ያህል ብዙ ቢሆን ወደ ወንበር አይለወጥም። ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለዓመታት በአንድ ፓርቲ ተሞልቶ የቆየው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው፤ ሕጉ ፓርቲዎች እንደ ድምፃቸው ድርሻ ወንበር ወደሚያገኙበት ተመጣጣኝ ውክልና ቢለወጥ ምክር ቤቱ የሕዝቡን ልዩ ልዩ ፍላጎት ማንጸባረቅ ይጀምራል ይባላል። ይህን ክርክር ከተማሪዎቼም፣ ከባልደረቦቼም፣ ከፓርቲ ሰዎችም እሰማዋለሁ። ከፊሉን እቀበለዋለሁ፤ ዋናውን መደምደሚያ ግን አልቀበለውም። ያልተቀበልኩበት ምክንያት ማንም ሰው በስልኩ ካልኩሌተር ሊያረጋግጠው የሚችል ስሌት ነው። የስሌቱ ባለቤት በትውልድ ኢስቶኒያዊ የሆኑት የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ሬይን ታገፔራ ናቸው። ሥራቸው በአማርኛ ሲጠቀስ እምብዛም ስለማላይ በዚህ ጽሑፍ በሰፊው ላስተዋውቃቸው እወዳለሁ።

ታገፔራ እ.ኤ.አ. በ1933 ታርቱ በምትባለው የኢስቶኒያ ከተማ ተወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1944 የሶቪየት ጦር ሲመለስ ቤተሰቡ አገር ጥሎ ተሰደደ፤ እሳቸውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በሞሮኮ፣ በማራኬሽ ነበር። ከዚያ ወደ ካናዳ ተሻግረው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተማሩ፤ በአሜሪካ ደላዌር ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በፊዚክስ ዶክትሬታቸውን አገኙና በዱፖንት ኩባንያ በተመራማሪነት አገለገሉ። ወደ ፖለቲካ ሳይንስ ያመሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን አስተምረዋል። ይህን የሕይወት ታሪክ የማነሳው ለምርምር ስልታቸው ቁልፍ ስለሆነ ነው። በማኅበራዊ ሳይንስ የተለመደው አሠራር መረጃ ሰብስቦ በመረጃው መካከል የሚያልፈውን መስመር በስታቲስቲክስ መፈለግ ነው። ታገፔራ የሄዱበት መንገድ የፊዚክስ ባለሙያ መንገድ ነው። አንድ መጠን ሊሆን የሚችለው ትንሹና ትልቁ ምን ያህል እንደሆነ በአመክንዮ አስቀድመው ይወስናሉ፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለውን ግምት ያሰላሉ፣ በመጨረሻም ግምቱን ይዘው ወደ እውነተኛው የምርጫ ውጤት ይሄዳሉ።

በዘርፉ ከሁሉ ይልቅ የታወቀ መሣሪያቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ከፊንላንዳዊው ማርኩ ላክሶ ጋር ያቀረቡት መለኪያ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ በአንድ ምክር ቤት ውስጥ ስንት ፓርቲ አለ? አንዱ ፓርቲ 400 ወንበር ይዞ ሌሎች አሥር ፓርቲዎች አንድ አንድ ወንበር ብቻ ቢኖራቸው፣ ምክር ቤቱ የአሥራ አንድ ፓርቲ ምክር ቤት ነው ብንል ማንንም አናሳምንም። ላክሶና ታገፔራ እያንዳንዱን ፓርቲ በራሱ ክብደት መቁጠር የሚቻልበትን መንገድ አቀረቡ። የእያንዳንዱን ፓርቲ የወንበር ድርሻ በራሱ ማባዛት፣ ውጤቶቹን መደመር፣ ከዚያ 1ን ለድምሩ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ሦስት ፓርቲዎች ከወንበሩ 50፣ 30 እና 20 በመቶ ቢይዙ፣ 0.25፣ 0.09 እና 0.04 ተደምረው 0.38 ይሆናሉ፤ 1 ለ0.38 ሲካፈል 2.6 ይመጣል። ምክር ቤቱ ሦስት ፓርቲ ቢኖረውም ውድድሩ ከሁለት ተኩል ትንሽ የሚበልጥ ፓርቲ ያለበት ያህል ነው ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን መጠን «ክብደት ያላቸው ፓርቲዎች ቁጥር» እለዋለሁ። ዛሬ በመላው ዓለም ስለ ፓርቲ ውድድር የሚጽፍ ተመራማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠቀምበታል።

መለኪያው ከተገኘ በኋላ ቀጣዩ ጥያቄ ቁጥሩን የሚወስነው ምንድን ነው የሚለው ነበር። ከታገፔራ በፊት በዚህ ጉዳይ ስማቸው የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ሞሪስ ዱቨርዤ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 እንዳስረዱት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ወደ ሁለት ፓርቲ ይገፋል፣ ተመጣጣኝ ውክልና ደግሞ ለብዙ ፓርቲዎች በር ይከፍታል። ምክንያቶቹም ሁለት ናቸው። አንደኛው ከቆጠራው የሚመጣ ነው፤ ሦስተኛና አራተኛ የወጡ ፓርቲዎች ድምፃቸው ወንበር አያስገኝላቸውም። ሁለተኛው ከሰዎች ስሌት የሚመጣ ነው፤ መራጩም ሆነ ፖለቲከኛው ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ማሸነፍ ወደሚችል ወገን ይጠጋል፣ ትንንሽ ፓርቲዎችም ይዋሐዳሉ። የዱቨርዤ አስተሳሰብ እስከ ዛሬ ይጠቅማል። ነገር ግን «ወደ ሁለት ይገፋል» ሲባል ምን ያህል እንደሚገፋ፣ 80 ወንበር ያለውን ምክር ቤትና 547 ወንበር ያለውን ምክር ቤት በእኩል ይገፋ እንደሆነ አይነግረንም።

ታገፔራ መልሱን ያገኙት ከሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው። አንደኛው ምክር ቤቱ ያለው ጠቅላላ ወንበር ነው። ሁለተኛው በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ የሚሞላው ወንበር ብዛት ነው፤ በእኛ አገር ይህ ቁጥር 1 ነው፣ አገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል በሆነበት በኔዘርላንድ ደግሞ 150 ነው። አመክንዮውን ደረጃ በደረጃ ልዘርዝረው፤ ቀመሩን ከነውጤቱ ብቻ ማቅረብ አንባቢው በእምነት እንዲቀበለው መጠየቅ ይሆንብኛልና።

25 ወንበር የሚሞላበትን አንድ የምርጫ ክልል እናስብ። ወንበር የሚያገኙት ፓርቲዎች ከ1 ሊያንሱ አይችሉም፣ ከ25ም ሊበልጡ አይችሉም። ሌላ ምንም መረጃ ከሌለን በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛናዊ ግምት ሁለቱን አባዝቶ ስኩዌር ሩት በመውሰድ የሚገኘው ነው፤ ይህም 5 ነው። አንድን የምርጫ ክልል በተመለከተ ግምቱ ሁልጊዜ የወንበሩ ስኩዌር ሩት ይሆናል ማለት ነው። አሁን ወደ ሙሉ አገር እንሂድና የራሳችንን ቁጥር እናስገባ። እያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ወንበር ብቻ ስላለው፣ በአገር ደረጃ ወንበር የሚያገኙት ፓርቲዎች ቢያንስ 1 ይሆናሉ። አገሩ በሙሉ 547 ወንበር ያለው አንድ የምርጫ ክልል ቢሆን ኖሮ ደግሞ ግምቱ የ547 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 23 ገደማ በሆነ ነበር። በ1 እና በ23 መካከል ያለው ሚዛናዊ ግምት 5 ያህል (በትክክል 4.84) ፓርቲ ነው። ወንበር የሚያገኙት አምስት ያህል ከሆኑ፣ ትልቁ ፓርቲ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ወንበር መያዝ አለበት፣ ቢበዛ ደግሞ ሁሉንም ሊይዝ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ግምት 45.5 በመቶ ነው፤ ከ547 ወንበር 249 መሆኑ ነው። ከዚህ ተነስተው ታገፔራ የደረሱበት የመጨረሻ ቀመር፣ ክብደት ያላቸው ፓርቲዎች ቁጥር የጠቅላላው ወንበርና በአንድ የምርጫ ክልል የሚሞላው ወንበር ብዜት ስድስተኛ ሩት ነው ይላል። በስልክ ለመሥራት 547ን ስኩዌር ሩት ከወሰዱ በኋላ የተገኘውን ኪዩብ ሩት መውሰድ ይበቃል፤ 2.86 ይመጣል።

ስለዚህ የምርጫ ሕጋችን ብቻውን፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ኢኮኖሚም ሆነ ስለ ታሪክ ምንም ሳንናገር፣ ወደ ሦስት የሚጠጋ ክብደት ያለው ፓርቲና ለብቻው መንግሥት መመሥረት የማይችል ትልቅ ፓርቲ እንድንጠብቅ ያደርገናል። ለብቻ መንግሥት ለመመሥረት 274 ወንበር ያስፈልጋል፤ ስሌቱ ግን 249 ይላል።

አሁን ይህን ግምት ይዘን ወደ ተመዘገቡት ውጤቶች እንምጣ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር አገኙ፤ የቀሩት ወንበሮች በክልል ፓርቲዎችና በጥቂት ሌሎች ተያዙ። ውጤቱ ምን ያህል እንዳወዛገበና ምን ያህል ሕይወት እንዳስከፈለ የማይረሳ ነው፤ እኔ እዚህ ላይ የምወስደው ይፋ የሆነውን ቁጥር ብቻ ነው። በላክሶና በታገፔራ መለኪያ ሲሰላ ክብደት ያላቸው ፓርቲዎች ቁጥር 2.4 ገደማ ይሆናል። ከ2.86 ትንሽ ዝቅ ቢልም በአንድ ምርጫ ከሚጠበቀው መዋዠቅ የወጣ አይደለም። ወንበር ያገኙት ፓርቲዎች ደግሞ ስሌቱ ከገመተው አምስት በላይ ነበሩ፤ በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በጋምቤላ ድጋፋቸው በአንድ አካባቢ የተከማቸ ፓርቲዎች በየክልላቸው ማሸነፍ ስለቻሉ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ 499 ወንበር ያዘ፤ አጋር ፓርቲዎች ሲጨመሩ 545 ሆነ። ለተቃዋሚው መድረክ አንድ ወንበር፣ ለአንድ የግል ተወዳዳሪም አንድ ወንበር ቀረ። ክብደት ያላቸው ፓርቲዎች ቁጥር አጋሮቹን ለየብቻ ብንቆጥር 1.2፣ ከኢሕአዴግ ጋር እንደ አንድ ብንቆጥር ደግሞ 1 ነው። አጋሮቹ በምክር ቤት ውስጥ ድምፅ ይሰጡ የነበሩት ከገዢው ግንባር ጋር በመሆኑ ሁለተኛውን አቆጣጠር እመርጣለሁ። በ2007 ዓ.ም. 547ቱም ወንበሮች ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በተካሄደው ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ ውጤታቸው ይፋ ከሆነ 436 ወንበሮች 410ሩን አሸነፈ፤ ቁጥሩ 1.1 ነው።

የምርምሩ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከ1997 እስከ 2002 አንቀጽ 54 አልተለወጠም። የወንበሩ ብዛት አልተለወጠም። አንድ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ የሚለው መርሕ አልተለወጠም። ሳይለወጥ የቆየ ነገር የተለወጠን ነገር ሊያብራራ አይችልም። በ2.4 እና በ1 መካከል ያለውን ርቀት የፈጠረው ከምርጫ ሕጉ ውጭ ያለ ነገር መሆን አለበት፤ ስለዚህ ፍለጋችንን ወደዚያ ማዞር አለብን። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የሆነውን የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። በ1998 ዓ.ም. የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ በይቅርታ የተፈቱትም በ1999 ዓ.ም. ሐምሌ ነበር፤ ፓርቲው በዚህ መካከል ተከፋፈለ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 590/2000፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 እና የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከታትለው ወጡ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው በአንድ ጽሑፍ መወሰን አይቻልም። የምርጫ ሥርዓቱን ብቻ ስንወቅስ ግን እነዚህን ሁሉ ከተጠያቂነት እናስመልጣለን።

ታገፔራ ራሳቸው ስለ ስሌታቸው የሚሉት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ቀመራቸው የአንድን ምርጫ ውጤት የሚተነብይ አይደለም፤ ፓርቲዎች በነፃነት ሲወዳደሩ በብዙ ምርጫዎች አማካይ ላይ የሚጠበቀውን ያሳያል። ኔዘርላንድን ብንወስድ ስሌቱ ክብደት ያላቸው ፓርቲዎች ቁጥር 5.3፣ የትልቁ ፓርቲ ወንበር 43 ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ምርጫ ግን 17 ፓርቲዎች ምክር ቤት ሲገቡ ትልቁ ያገኘው 34 ብቻ ነበር። ከግምቱ መራቅ በራሱ የስሌቱ ውድቀት ተደርጎ አይቆጠርም። ሐኪም የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ መሆን እንዳለበት ማወቁ የሚጠቅመው ሙቀቱ 40 የደረሰን ሰው ሲያገኝ ነው፤ የተጠበቀው መጠን ባይታወቅ ኖሮ መመርመር ያለበት ማን እንደሆነም አይታወቅም ነበር።

ይህን ስል የምርጫ ሕግ ምንም ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። ጥፋቱ ጎልቶ የታየባት አገር ሌሶቶ ናት፤ የአፍሪካ የምርጫ ሥርዓቶችን የሚያጠና ሰው ሊያልፋት አይችልም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 በተካሄደው ምርጫ ገዢው የሌሶቶ ኮንግረስ ፎር ዲሞክራሲ ፓርቲ 60 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። ባሶቶ ናሽናል ፓርቲ ደግሞ ከመራጩ ሩብ የሚጠጋው ደግፎት ያገኘው አንድ ወንበር ብቻ ነበር። በታገፔራ ስሌት 80 ወንበር ባለው ምክር ቤት ትልቁ ፓርቲ 46 ያህል እንዲይዝ ይጠበቃል። ልዩነቱን የፈጠረው የድጋፉ ስርጭት ነው። የአሸናፊው ፓርቲ ደጋፊዎች በአገሪቱ ሁሉ በተመጣጠነ ሁኔታ ተሰራጭተው ስለነበር፣ ፓርቲው በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል አንደኛ ወጣ። የባሶቶ ናሽናል ፓርቲ ደጋፊዎችም እንዲሁ በየቦታው ነበሩ፤ በሁሉም ቦታ ግን ሁለተኛ ነበሩ።

ተሸናፊዎቹ ምርጫው ተጭበርብሯል ብለው ተነሱ። በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ ፓየስ ላንጋ የተመራ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ የአሠራር ጉድለቶችን ቢያገኝም ውጤቱ ተጭበርብሯል ብሎ መደምደም አልቻለም። ሕዝባዊ ቁጣው ግን አልበረደም፤ ወታደሮችም በአዛዦቻቸው ላይ አመፁ። በመስከረም ወር የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር በደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ ስም ወደ አገሪቱ ገባ፤ የዋና ከተማዋ የማሴሩ መሀልም በቃጠሎና በዘረፋ ወደመ። እኔን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ፣ ቆጠራው ትክክል ሆኖ እንኳ ውጤቱ ለሰው የማይታመን መምሰሉ ነው። ጎረቤቱም ዘመዱም እንደ እሱ ድምፅ እንደሰጡ የሚያውቅ መራጭ፣ ፓርቲው ከ80 ወንበር አንድ ብቻ እንዳገኘ ሲነገረው ተሰርቄያለሁ ቢል ምን ይፈረድበታል?

ሌሶቶዎች ከዚያ በኋላ ሕጋቸውን ለወጡ። 80ዎቹን የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ትተው በላያቸው ላይ 40 ማካካሻ ወንበሮች ጨመሩ፤ ማካካሻው የሚሰጠው ከድምፅ ድርሻቸው ያነሰ ወንበር ላገኙ ፓርቲዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ገዢው ፓርቲ 77 የምርጫ ክልሎችን በማሸነፉ ከማካካሻው አንድም አልደረሰውም፤ ባሶቶ ናሽናል ፓርቲ ከ40ዎቹ 21ዱን አገኘ። ምርጫውም በሰላም ተጠናቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2007 ትልልቆቹ ፓርቲዎች ሕጉን የሚያልፉበት ቀዳዳ አገኙ፤ ለምርጫ ክልል በራሳቸው ስም፣ ለማካካሻው ደግሞ በአጋር ትንሽ ፓርቲ ስም እየተወዳደሩ ከሁለቱም ወገን ወሰዱ። ሕጉ እንደገና ተሻሽሎ መራጩ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲሰጥና ያ ድምፅ ለሁለቱም እንዲቆጠር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2012 አገሪቱ የመጀመሪያውን የጥምር መንግሥት አየች። የምርጫ ሕግ ተሻሽሎ አንድ ችግር በእርግጥ እንደተቃለለ የሚያሳይ ማስረጃ ሲጠየቅ እኔ የማቀርበው ይህን ነው።

ከቅርቡ ደግሞ ቦትስዋና አለች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከነፃነት ጀምሮ ለ58 ዓመታት የገዛው ቦትስዋና ዲሞክራቲክ ፓርቲ 30 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ በድምፅ ሁለተኛ ወጣ፤ በምርጫ ክልሎች ከሚሞሉት 61 ወንበሮች ግን የደረሱት 4 ብቻ ሲሆኑ በወንበር አራተኛ ሆነ። ለአሥርት ዓመታት የጠቀመው ሕግ በአንድ ቀን ፊቱን አዞረበት። ገዢ ፓርቲዎች የአብላጫ ድምፅ ሥርዓትን ለዘለዓለም የእነሱ ጠባቂ አድርገው ማየታቸው ስሕተት መሆኑን ይህ ውጤት ያሳያል። እኛም በ1997 አዲስ አበባ ላይ አይተነዋል፤ ቅንጅት የከተማዋን 23 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ ሲወስድ፣ ኢሕአዴግን የመረጡ አዲስ አበቤዎች አንድም ተወካይ አልነበራቸውም።

ሕጉ በፖለቲከኞች ስሌት ላይ የሚያሳድረው ግፊትም በአገራችን በግልጽ ይታያል። ቅንጅት የአራት ፓርቲዎች ጥምረት ነበር፣ ኅብረትም የብዙ ድርጅቶች ስብስብ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ኢዜማ ሲመሠረት ሰባት ፓርቲዎች ከስመው ወደ አንድ መጥተዋል። ተንታኞች ይህን ሁሉ በመሪዎች ጠባይና በርዕዮተ ዓለም ብቻ ሲያብራሩት እሰማለሁ። ዱቨርዤ ቢያዩት የሚሉት ሌላ ነው፤ በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ወንበር ብቻ ስላለ፣ ተለያይቶ መወዳደር ወንበሩን ለሌላ መስጠት መሆኑን ፖለቲከኞቹ ያውቃሉ። ጥምረቶቹ ከምርጫ በኋላ ቶሎ የሚፈርሱትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያሰባሰባቸው የወንበሩ ስሌት ነበር፣ ስሌቱም ምርጫው ሲያልፍ ያበቃል።

በታገፔራ ሥራ ላይ የሚነሳ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ላልፈው አልችልም። ቀመሩ ስለ ሕዝቡ ስብጥር ምንም አይጠይቅም። እንደ እኛ ባለ ብዙ ብሔረሰብ አገር የፓርቲዎች ብዛት ከሁለት የተቋም ቁጥሮች ብቻ ይወጣል ማለት ለብዙ ሰው የማይዋጥ ነው። ህንድ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናት፤ 543 ወንበርና አንድ ተወካይ የሚመረጥባቸው የምርጫ ክልሎች ስላሏት የእሷም ግምት እንደ እኛው 2.86 ነው። ክልላዊ ፓርቲዎች በገነኑባቸው ዓመታት ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ በጣም በልጦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 አምስት ደርሷል። የናሬንድራ ሞዲ ፓርቲ ከገነነ በኋላ ግን በ2014 ወደ 3.5፣ በ2019 ወደ 3 ወረደ። የሕዝቡ ስብጥር በአሥር ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። ስብጥሩ ቁጥሩን ከግምቱ በላይ ሊያነሳው እንደሚችል ከዚህ እረዳለሁ፤ ያም ሆኖ ወደ ግምቱ የሚመልሰው የተቋሙ ጉልበት ቀላል አይደለም። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ይበልጥ ግልጽ ነው፤ የኢትዮጵያ ብዝኃነት ቁጥሩን የሚገፋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ስላልሆነ፣ 1 የሚለውን ውጤት ብዝኃነት ሊያብራራው አይችልም።

ታገፔራ ከመጻፍ አልፈው ራሳቸው ወደ ውድድሩ የገቡ ሰው መሆናቸው ለምርምራቸው ያለኝን አክብሮት ይጨምራል። ኢስቶኒያ ነፃነቷን ስታስመልስ በሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤ አባል ሆነው አገለገሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው 23 በመቶ ገደማ ድምፅ በማግኘት ሦስተኛ ወጡ። አርኖልድ ሩቴል በድምፅ ቢመሩም ግማሹን ባለማለፋቸው ምርጫው ወደ ፓርላማው ተላለፈ፤ ፓርላማው ደግሞ ሁለተኛ የወጡትን ሌናርት ሜሪን መረጠ። ቆየት ብሎም ታገፔራ የሬስ ፑብሊካ ፓርቲ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሆኑ፤ እሳቸው ኃላፊነቱን ካስረከቡ በኋላ ፓርቲው እ.ኤ.አ. በ2003 ከ101 ወንበር 28ቱን አግኝቶ መንግሥት መርቷል። የመቁጠሪያ ሕግ የአንድን አገር መሪ እንዴት እንደሚለውጥ በራሳቸው ምርጫ ያዩ ሰው ናቸው። ለምርምራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የዮሃን ስኪተ ሽልማትን ተቀብለዋል፤ በፖለቲካ ሳይንስ ከዚህ የሚበልጥ ክብር እምብዛም የለም።

ወደ ማሻሻያው ጥያቄ ልመለስ። የምርጫ ክልሎቻችን ሰፍተው እያንዳንዳቸው 5 ተወካይ በተመጣጣኝ ውክልና ቢመርጡና የምክር ቤቱ ወንበር 547 ሆኖ ቢቀጥል፣ በታገፔራ ቀመር ክብደት ያላቸው ፓርቲዎች ቁጥር ከ2.9 ወደ 3.7 ከፍ ይላል፤ የትልቁ ፓርቲ ድርሻም ወደ 203 ወንበር ይወርዳል። በየምርጫ ክልሉ 10 ተወካይ ቢመረጥ ቁጥሩ 4.2፣ የትልቁ ፓርቲ ወንበርም 187 ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ማለት የጥምር መንግሥት ማለት ናቸው፤ ማሻሻያውን የሚደግፍ ፓርቲ ሁሉ ከተቀናቃኙ ጋር ካቢኔ ተጋርቶ ለመሥራት ዝግጁ መሆኑን ከወዲሁ ለመራጩ መናገር አለበት። ለውጡ አንቀጽ 54ን ስለሚነካ በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶችን ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ ይጠይቃል። እኔ ማሻሻያውን እደግፋለሁ፤ የሌሶቶን ዓይነት ማካካሻ ወንበር ደግሞ ይበልጥ እመርጣለሁ፤ መራጩ የአካባቢውን ተወካይ ሳያጣ የተሸናፊው ድምፅም ዋጋ ያገኛልና። ተመጣጣኝ ውክልና የሚያስተካክለው ግን በተቆጠረው ድምፅና በተገኘው ወንበር መካከል ያለውን መዛባት ብቻ ነው። ዕጩው መመዝገብ ካልቻለ፣ ፓርቲው አዳራሽ ከተከለከለ፣ ታዛቢው ከጣቢያው ከተባረረ፣ ያ ሁሉ የሚሆነው ድምፁ ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመሆኑ የትኛውም የመቁጠሪያ ቀመር አይደርስበትም።

በበኩሌ ከሁሉ በፊት ማየት የምፈልገው አንድ ሠንጠረዥ ነው። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄዱት አገራዊ ምርጫዎች በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል እያንዳንዱ ዕጩ ያገኘውን ድምፅ በአንድ ላይ የያዘ፣ ማንም አውርዶ ሊያሰላበት የሚችል ሠንጠረዥ። ያ ካለ በ1997 ምን ያህል ድምፅ ወንበር ሳያስገኝ እንደቀረ በየክልሉ መለየት፣ በ2002 ደግሞ የተቃዋሚው ድምፅ ራሱ ጠፋ ወይስ ድምፁ ኖሮ ወንበሩ ብቻ ቀረ የሚለውን መመለስ ይቻላል። የመጀመሪያው ከሆነ መልሱን ከምርጫ ሕጉ ውጭ፣ ሁለተኛው ከሆነ ከሕጉ ውስጥ እንፈልጋለን። ይህን መረጃ በከፊልም ቢሆን በእጁ የያዘ ተመራማሪ ወይም የቀድሞ የምርጫ አስፈጻሚ ካለ፣ ከተማሪዎቼ ጋር ተቀምጠን መረጃውን አጥርተን ለሁሉም ክፍት ለማድረግ ዝግጁ ነን።